ከመስኮቱ ሥር ያለው ፏፏቴ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት እንጀራ የበላሁት በውሃው ነው፤ ፏፏቴ ሠሪ ነኝ። ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች የአራቱን የሠራሁት እኔ ሙሉዓለም ነኝ። የቀሩትን የሠሩትንም ሰዎች አውቃቸዋለሁ፣ ባላውቃቸው ይሻለኝ ነበር። ቧንቧ አቁሞ ውሃ ወደ ሰማይ መርጨት ፏፏቴ አይባልም። እሱንማ የፈነዳ ቧንቧም ያደርገዋል።

የእኔ ሥራ ድምፅ ነው። ድንጋይ የማስቀምጠው ዓይኔን ጨፍኜ ነው ስል ሰው ይስቅብኛል፣ ግን እውነቴን ነው። ውሃው ከላይኛው ድንጋይ ወደ ታችኛው ሲወርድ አንድ ድምፅ አለው፤ የታችኛውን አራት ጣት ብገፋው ሌላ ድምፅ ይሆናል። የሆቴል ባለቤቶች ይሄ አይገባቸውም። "ከዋናው በር ይሰማ" ይሉኛል፣ ከዋናው በር አሰማላቸዋለሁ። እንግዶቻቸው እንቅልፍ አጣን ብለው ሲያማርሩ እንደገና ይጠሩኛል።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት በቡሹሎ በኩል የተሠራው አዲስ የሕክምና ግቢ ሦስት ፏፏቴ እንድሠራለት ሲጠራኝ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሆስፒታሉና የሐኪሞች ማሠልጠኛው በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው። የግንባታው ተቆጣጣሪ ኢንጂነር ሳሙኤል ግቢውን እያዞረ አሳየኝና "ከሁሉም በላይ በሽተኛን የሚያሳርፍ ነገር ነው የምንፈልገው" አለኝ። እንዲህ ብሎ ያዘዘኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

የበሩንና የተማሪዎቹን ፏፏቴ በቶሎ ጨረስኳቸው፤ እነሱ ለዓይን ናቸው። ሦስተኛው ግን በሁለት ሕንፃዎች መካከል ባለች ትንሽ አደባባይ የሚሠራ ነበር፤ አንድ ሰፊ ክፍል በትልልቅ መስኮቶቹ ያያታል። ክፍሉ ያን ጊዜ ባዶ ነው። "በሽተኞች ረጅም ሰዓት የሚቆዩበት ነው" አለኝ ሳሙኤል። ምን ዓይነት በሽተኞች ብዬ አልጠየቅኩም። ወለሉ ላይ ካርቶን አንጥፌ፣ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ዘጠኝ ቀን እየተቀመጥኩ አዳመጥኩ። ሠራተኞቼ ውጭ ድንጋይ ይገፋሉ፣ እኔ ከውስጥ "ወደ ግራ! ተው፣ መልሰው!" እያልኩ እጮሃለሁ። እርስ በእርሳቸው ምን እንደሚባባሉ አውቃለሁ፤ ሽማግሌው ለየለት ነው የሚሉት።

በዘጠነኛው ቀን ድምፁ መጣ። ቀዝቃዛ ውሃ ከእንስራ ወደ ጣሳ ሲቀዳ እንደሚሰማው ዓይነት ነበር። ከክፍሉ አንድም ጥግ ሳይጮህ፣ ከአንድም ጥግ ሳይጠፋ፣ እኩል ይሰማል። ካርቶኔ ላይ ጋደም ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። በሥራዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

በሳምንቱ ያ ክፍል ስምንት አልጋና ስምንት ማሽን ገባለት። የኩላሊት እጥበት ክፍል ሆነ። ግቢው ገና አልተመረቀም፤ ምርቃቱ ቅዳሜን አልፎ የሚቀጥለው ቅዳሜ ነበር። በሽተኞቹ ግን ምርቃት የሚጠብቁበት ጊዜ ስለሌላቸው ሰኞ ጠዋት ሥራ ተጀመረ። እኔም ገንዳው እንደማያፈስ ለማረጋገጥ ውሃውን ከፍቼ እስከ ርክክብ ድረስ ሳልዘጋው መከታተል ነበረብኝ።

የዚያኑ ሰኞ አራት ሰዓት ላይ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ታቢታ ወጥታ ፊቴ ቆመች። ቁመቷ አጭር ነው፣ ድምፅዋ ግን እንደዚያ አይደለም።

"አቶ ሙሉዓለም፣ ይሄን ውሃ በየቀኑ ጠዋት ይዝጉልን።"

"ምን አደረገሽ?"

"እኔን ምንም። በሽተኞቼን ግን እያሰቃየ ነው።"

ደሜ ፈላ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ወለል ላይ የተቀመጥኩት ለማን ሆነና! "የሚያሰቃይ ድምፅ ይሄ ነው?" አልኳት። "እስቲ ጆሮሽን ሰጥተሽ ስሚው።"

"ሰምቼዋለሁ፤ በጣም ያምራል። ችግሩም እሱ ነው።" ከዚያ በትዕግሥት አስረዳችኝ። የእነዚህ ሰዎች ኩላሊት ውሃ አያወጣም። የጠጡት ነገር ማሽኑ እስኪያወጣው ድረስ ሰውነታቸው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሲበዛ ሳንባ ላይ ይወጣል፣ ልብን ያጨናንቃል። ስለዚህ ውሃ የሚጠጡት በልክ ነው፤ ብዙዎቹ በቀን ሁለት ሦስት ብርጭቆ፣ ሻዩና ሾርባው ተቆጥሮ። "ቀንና ሌሊት ጥም ላይ ናቸው" አለችኝ። "አራት ሰዓት ሙሉ አልጋ ላይ ታስረው ውሃ ሲቀዳ ነው የሚሰሙት።"

እኔ ደግሞ ከስድስት ዓመት በፊት የኩላሊት ጠጠር ታምሜ ነበር። ሐኪሙ በቀን ሦስት ሊትር ጠጣ ብሎኝ፣ ጠጥቼ፣ ድኛለሁ። ከዚያ ወዲህ ወገቤን አመመኝ ያለኝን ሁሉ ውሃ ጠጣ እያልኩ የምመክር ሰው ነኝ። ምክሬን ሰምተው ያመሰገኑኝም አሉ።

"ሲስተር" አልኳት፣ "ለኩላሊት መድኃኒቱ ውሃ ነው። በራሴ ላይ አይቼዋለሁ።"

"የእርስዎ በሽታ ሌላ ነው፣ የእነሱ ሌላ።"

"ኩላሊት ያው ኩላሊት ነው።"

ይሄን ማለቴን ዛሬ ሳስታውስ ፊቴ ይግላል። ያን ጊዜ ግን አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት። ሲስተር ታቢታ ገብታ መስኮቶቹን ዘጋቻቸው። የሀዋሳ ፀሐይ ሲበረታ መልሳ ከፈተቻቸው። እልህ ይዞኝ ስለነበር እንዳሸነፍኩ ቆጠርኩት።

ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ወጣት ከክፍሉ ወጥቶ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ክንዱ በፋሻ ታስሯል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ኤልናታን ይባላል፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ እጥበቱ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ነው፣ ከመታመሙ በፊት መናኸሪያ አካባቢ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ይሄን ሁሉ የነገረኝ በአንድ ትንፋሽ ነው፤ ወሬ የናፈቀው ልጅ ነበር።

"ጋሼ፣ ይሄን የሠሩት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"አራት ሰዓት ሙሉ ስሰማው ዋልኩ።"

ሙገሳ መሰለኝ። ከዚያ ዓይኑን አጠገቤ ወዳለው ሃይላንድ ውሃ ላከና፣ "ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ጋሼ፣ ትንሽ ቢሰጡኝ" አለ።

በእኛ ዘንድ ውሃ የለመነ ሰው አይከለከልም። የማታውቀው መንገደኛ በርህ ላይ ቆሞ ውሃ ቢልህ ትሰጠዋለህ፣ የተጣላኸው ጎረቤትህም ቢልህ ትሰጠዋለህ። ሰጠሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ግማሽ ሊትሩን ሳይተነፍስ ጨረሰው። ከዚያ ባዶውን ፕላስቲክ ጨምቆ የመጨረሻዋን ጠብታ ምላሱ ላይ ጠበቃት። አንጀቴን በላው። በልቤ ሲስተር ታቢታን ሰደብኳት። "አይዞህ፣ ኩላሊትህን የሚያጥበው ማሽኑ ሳይሆን ይሄ ነው" አልኩት። ሳቀና፣ "ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ" አለኝ። እናቱ በር ላይ ባጃጅ ይዛ እየጠበቀችው ነበር። እናቱን ለምን እንደሚፈራ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር፣ አልጠየቅኩትም።

ረቡዕ ሲመጣ አንድ ሊትር ውሃ ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ጠበቅኩት። ውሃ እየጠጣ ስለ ባጃጅ ሥራው አጫወተኝ፤ የትራፊክ ፖሊሶቹን አነጋገር እያስመሰለ ሲያወራ ከሠራተኞቼ ጋር በሳቅ ሞትን። ዓርብ ደግሞ ሁለት ሊትር ሰጠሁት። "ቅዳሜና እሑድ እጥበት የለህም፣ ይቺን በትንሽ በትንሹ" አልኩት። ጃኬቱ ሥር ሸሽጎ ወጣ። ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ደስ እያለኝ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ ኤልናታን አልመጣም። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ። እኔ ገንዳው ውስጥ ገብቼ የፓምፑን ወንፊት እያጸዳሁ ነበር። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ከውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል።

"እናቴ፣ እውነቱን ይንገሩን" ይላል አንድ ወጣት ሐኪም። "ልጁ አምስት ኪሎ ተኩል ጨምሮ ነው የመጣው። ይሄ ሁሉ ውሃ ነው። ማን ሰጠው?"

"እኔ አልሰጠሁትም" አለች አንዲት ሴት።

"እንግዲያስ ከየት መጣ? አብሮት የሚኖረው እርስዎ ነዎት። ትናንት ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ይሞት ነበር፤ አሁንም ፅኑ ሕሙማን ክፍል ነው ያለው፣ እንደሚተርፍ እርግጠኛ አይደለንም። ሰጥተውት ከሆነ ይንገሩን እንጂ!"

"ልጄን? እኔ?" ድምፅዋ ተሰበረ። ቀና ብዬ በመስኮቱ አየኋት። አንገቷ ላይ በክር የታሰረ ቁልፍ አውጥታ ለሐኪሙ ታሳየዋለች። "ጀሪካኑን ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ይዤ ነው ገበያ የምውለው። ይኸው! ለራሴ እንኳ ውሃ የምጠጣው እሱ ሲተኛ ነው።"

ሐኪሙ አላመናትም። መዝገቡን ዘግቶ ሄደ።

እኔ ውሃው ውስጥ ቆሜያለሁ፤ ጉልበቴ ድረስ እርጥብ ነኝ። እዚያው ድምፄን ከፍ አድርጌ "እኔ ነኝ የሰጠሁት" ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ወንፊቱን መልሼ ገጠምኩ፣ ከሰዓትም ሥራዬን ቀጠልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ለሠራተኞቼ ስለ ምርቃቱ ሳወራ ዋልኩ። ቤቴ ገብቼ ግን እህል አልወረደልኝም። ባለቤቴ ምን ሆንክ ስትለኝ ደከመኝ አልኳት። የፈራሁት ምን እንደሆነ ልናገር፤ ልጁ ይሞትና ገዳዩ እኔ እሆናለሁ ብዬ ነው። ከዚያ በላይ ያሳፈረኝ ግን፣ ከሞተ ማንም አያውቅም የሚል ሐሳብ አንድ ጊዜ በልቤ ማለፉ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሲስተር ታቢታን ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ያዝኳት።

"ለኤልናታን ውሃ የሰጠሁት እኔ ነኝ።"

ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን እስክሪብቶ አወጣች። "ስንት?"

"ሰኞ ግማሽ ሊትር፣ ረቡዕ አንድ፣ ዓርብ ሁለት።"

ጻፈችው። "ለሐኪሙ እኔ እነግረዋለሁ" አለች። "ለእናቱ ግን እርስዎ ነዎት የሚነግሯት። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ከዚያ አግዳሚ ላይ አልተነሳችም።"

እናቱ ወይዘሮ አልማዝ ፅኑ ሕሙማን ክፍል በር ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ሴትዮዋ በእኔ ዕድሜ ትሆናለች፤ መናኸሪያ ጥግ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፣ ያደረግኩትንም ነገርኳት፣ ትናንት እየሰማሁ ዝም ማለቴን ጭምር። አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ።

"ደጉ ሰውዬ አንተ ነህ?" አለችኝ በመጨረሻ።

"ምን አሉኝ?"

"ሐሙስ ዕለት ቤት ውስጥ ነገረኝ። እዚያ አንድ ደግ ሰውዬ አለ አለኝ። ማን ነው ስለው አልነግርሽም አለ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ የሚያጫውተው ሰው አገኘ ብዬ።" ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አነሳችው። "ሁለት ዓመት ሙሉ ከልክዬዋለሁ፣ ወንድሜ። እግሬ ላይ ወድቆ ለምኖኝ ከልክያለሁ። ጎረቤት እየሰማ፣ አንቺ እናት ነሽ ወይ እያለኝ ከልክያለሁ። አንተ በሦስት ቀን ደግ ተባልክ።"

"ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"እግዜር ልጄን ያትርፍልኝ እንጂ ይቅር እልሃለሁ። ግን ከተነሳ ብቻዬን ጨካኝ አታድርገኝ።"

ከዚያ ተነስቼ በቀጥታ ወደ ፏፏቴው ሄድኩ። ሳራቺኔስካውን ዘግቼ ውሃውን አቆምኩና መዶሻና መሮ አነሳሁ። ዘጠኝ ቀን የፈጀብኝን በአንድ ጠዋት አፈረስኩት። ሠራተኞቼ ዙሪያዬን ቆመው ያዩኛል። ድንጋዮቹ ሲነሱ አንዱን ከአንዱ የምለየው በድምፁ ስለነበር እያንዳንዱ አመመኝ። ኢንጂነር ሳሙኤል ሮጦ መጣ።

"ጋሽ ሙሉዓለም! አብደዋል እንዴ? ምርቃቱ ቅዳሜ ነው!"

"በሽተኛን የሚያሳርፍ ነገር ነው የምንፈልገው ብለኸኝ ነበር።"

"ይሄ አላሳረፈም?"

"ገብተህ ጠይቃቸው" አልኩት። ገብቶ ጠየቃቸው። የማክሰኞ ተረኞቹ ስምንቱም ዝጉልን ማለታቸውን ሲወጣ ፊቱ ላይ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ አልተከራከረኝም።

በአራት ቀን ሌላ ሠራሁ። ከሕንፃው ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ጥቁር የተጠረበ ድንጋይ ለጠፍኩ፤ ውሃው ከላይ ሞልቶ በስሱ ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ ይወርዳል። ከታች የሚቀበለው ገንዳ ሳይሆን ጠጠር የሞላበት ቦይ ነው፤ ጠጠሩን በጣቴ እየደረደርኩ ጠብ የሚልበትን ቦታ ሁሉ ደፈንኩ። ሲስተር ታቢታን ማየቱስ አይከብዳቸውም ብዬ ብጠይቃት፣ አልጋዎቹን ወደ ሌላው ወገን አዞረቻቸው። ማየት የሚፈልግ ራሱ ዞሮ ያያል አለች። ክፍሉ ገብቼ ካርቶኑ በነበረበት ቦታ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ምንም አይሰማም። ድምፅ ለማጥፋት ስደክም ይሄ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ከባድ ሥራ ነው።

ቅዳሜ ምርቃቱ ላይ እንግዶቹ ለበሩና ለተማሪዎቹ ፏፏቴ አጨበጨቡ። ወደ ትንሿ አደባባይ ሲደርሱ ግን አንድ ከረባት ያሰሩ ሰውዬ "ይሄኛው ተበላሽቷል እንዴ?" ብለው ጠየቁ። ሳሙኤል አየኝ። "ግድግዳው ላብ ብጤ አለው" አሉ ሌላው፣ ሁሉም ሳቁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆሽቴ አርሮ እመልስላቸው ነበር። የዚያን ቀን ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር፤ ኤልናታን ኦክስጅኑ ተነስቶለት ወደ ተራ ክፍል የተዛወረው በዚያው ጠዋት ነው።

ርክክቡ ቢያልቅም ለአንድ ወር እየተመላለስኩ መከታተል በውሉ ላይ አለብኝ። ኤልናታን ቤቱ ገብቶ ለእጥበት መመላለስ የጀመረው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ ወጣ። ከስቷል፤ ሱሪው ወገቡ ላይ ተጣጥፎ በቀበቶ ታስሯል። ያለፈውን አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። አጠገቤ ተቀምጦ ግድግዳውን አየና "ድምፁን የት ወሰዱት?" አለ።

"አነሳሁት።"

"ጥሩ አደረጉ። ሌሎቹ በጣም ነበር የሚሰቃዩት።" ስለ ራሱ አልተናገረም። ቀኑ ይጠብሳል። ከንፈሩን በምላሱ ሲያርስ አየሁት፣ ምላሱም ደረቅ ነበር።

"ጋሼ፣ አንድ ጉንጭ ብቻ" አለ።

"የለኝም።"

ቦርሳዬ አፍ ላይ የሃይላንዱ ክዳን ይታያል። አየው፣ እኔም እንዳየው አየሁ።

"አንድ ጉንጭ ሰው አይገድልም። ራስዎ ነበሩ እኮ ለኩላሊት ጥሩ ነው ያሉኝ።"

"ተሳስቼ ነው።"

"እሺ አፌን ልጉመጥመጥና ልትፋው። ጋሼ፣ በእግዚአብሔር!"

ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ውሃ ለምኖኝ የከለከልኩት ሰው አልነበረም። እጄ ወደ ቦርሳው ሊሄድ ሲል ሌላኛው እጄ ያዘው። "አልሰጥህም፣ ልጄ" አልኩት። ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

ዓይኑ እንባ ሞላ። ተነስቶ ቆመ፣ ከላይ እስከ ታች አየኝ። "እርስዎም እንደ እሷ ሆኑ?" አለኝ። "እሷስ እናቴ ናት፣ እርስዎን ምን አገባዎት? እኔ ደግ ሰው መስለውኝ ነበር።"

ድንጋይ እየረገጠ ወደ በሩ ሄደ። ወይዘሮ አልማዝ ከባጃጁ አጠገብ ቆማ ታየናለች፤ ልጇ በአጠገቧ አልፎ ሳያናግራት ገባ። እሷ ግን ከመግባቷ በፊት ወደ እኔ ዞራ ራሷን ዝቅ አደረገች። ቦርሳዬን ይዤ ከግቢው እስክወጣ ድረስ እኔም ውሃ አልቀመስኩም፤ በጣም ጠምቶኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኤልናታን ትንፋሹ ሳይቆራረጥ፣ በራሱ እግር ለእጥበቱ መጣ። በአጠገቤ ሲያልፍ ሰላም እንኳ አላለኝም።